ዳሽቦርድ ላይ የሚበራው መብራት ምን እያለ ነው?

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስትወጡ የደንገጎ ዳገት መኪናን ይፈትናል። መብራት ቦግ ካለ መጀመሪያ ቀለሙን እዩ። ቀይ ከሆነ ቁሙ፤ ቢጫ ከሆነ ቶሎ አስፈትሹ። አረንጓዴና ሰማያዊ አብዛኛውን ጊዜ መረጃ ብቻ ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በቀዩ የዘይት መብራት ነው። እሱ የሚያየው የዘይቱን ግፊት ነው። ዘይቱ ሙሉ ሆኖም ፓምፑ ካልገፋ ይበራል። "ጋራዥ እስክደርስ" ብሎ መንዳት ሞተር መቅበር ነው።

የሙቀት ጌጁ ቀዩ ላይ ከደረሰ ጥግ ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። የራዲያተሩን ክዳን ግን ትኩስ እያለ እንዳትነኩ! ውሃው በግፊት ስለታፈነ፣ ክዳኑ ሲላላ ፊት ላይ ይፈነዳል። "ቶሎ ውሃ እንጨምርበት" የሚል ረዳት አይጠፋም፤ አትስሙት።

ቢጫው ቼክ ኢንጂን (የሞተር ምስል ያለበት መብራት) ሳይቋረጥ ከበራና መኪናው ደህና ከሄደ፣ ቀስ ብላችሁ ጋራዥ ድረሱ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። አንዱ ሲሊንደር ነዳጁን በደንብ እያቃጠለ አይደለም፤ የተረፈው ነዳጅ ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለውን ማጣሪያ ያበላሻል። ዳገቱን ተዉት።

ያገለገለ መኪና ስትገዙ ደግሞ ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ እዩ። ቼክ ኢንጂኑ ያኔ ሊበራ ይገባል፤ ጭራሽ ካልበራ፣ ሻጩ አምፖሉን ነቅሎት ሊሆን ይችላል።