«መሪውን ከፍ አድርገው፣ ይለቅሃል»፦ ስለ ሳይክልና ስለ አንገት ሕመም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮምቦልቻ ለሳይክል የምትመች ከተማ ናት። ሜዳ ስለሆነች ወደ ፋብሪካ የሚሄደውም፣ ገበያ የሚወጣውም፣ ተማሪውም ይነዳባታል። ቆቦም እንደዚያው ሜዳ ነው። ደሴ ላይ ዳገቱ ቢያስቸግርም ሳይክሉን እየገፋ ወጥቶ ቁልቁል የሚለቅ ወጣት አይጠፋም። ማታ ሲሆን ግን ብዙው አንገቱን እያሸ ይወርዳል። አንዱን ከራስ ቅሉ ሥር ጀምሮ እስከ ትከሻው ይዞታል። ሌላው ወገቡን ይዞ ቀና ማለት ያቅተዋል።

ምክር ደግሞ ሞልቷል። «ብርድ ነው»፣ «ወጌሻ ይይህ»፣ «መሪውን ወደ ላይ ሳበው»። እውነት ያለበት ምክር አለ። አደጋ ያለበትም አለ። እስቲ ለያይተን እንያቸው።

«ብርድ መቶህ ነው»

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጠዋት ብርዷ ቀልድ አይደለም። አንገት ሲያዝ ቀድሞ እሱ ቢጠረጠር አይገርምም። ብርድ ጡንቻን ያኮማትራል፣ ስለዚህ አንገት ላይ ፎጣ ጣል ማድረግ ጥሩ ነው። ግን ሕመሙ ሳይክል በነዳችሁ ቀን ሁሉ እየመጣ፣ ባልነዳችሁ ቀን የሚተዋችሁ ከሆነ ብርዱን ተዉት። ኮምቦልቻ በጠራራ ፀሐይ ስትነዱም የሚከተላችሁ ከሆነ ጥፋቱ የአቀማመጣችሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሪው ዝቅ ሲል ወይም ሲርቅ ሰውነታችን ወደ ፊት ይደፋል። ዓይን ግን መንገዱን ማየት አለበት። ስለዚህ አንገት ወደ ኋላ ይቀለበሳል። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከ4.5 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል፣ አንድ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጄሪካን ማለት ነው። ያንን ክብደት የአንገት ጀርባና የትከሻ ጡንቻዎች ያለ ዕረፍት ተወጥረው ይይዙታል። ለአጭር መንገድ ይችሉታል። መንገዱ ሲረዝም ግን መቃጠል ይጀምራሉ።

መሪው ከፍ ሲል ደረት ቀና ይላል፣ የአንገቱም መቀልበስ ይቀንሳል። ስለዚህ «ከፍ አድርገው» የሚለው ምክር መሠረት አለው። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚጨመርበት ነው።

«መሪው ከፍ ካለ ሁሉም ይስተካከላል»

አይስተካከልም። መጀመሪያ የሚታየው መቀመጫው ነው፣ መሪው ቀጥሎ ይመጣል። ብዙ የወገብ ሕመም ከመሪው ጋር ጉዳይ የለውም።

መቀመጫው በጣም ከፍ ካለ እግር ፔዳሉን ለመድረስ ይንጠራራል። ያኔ ዳሌ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ወገብም በየዙሩ ይጎተታል። ይህን ራሳችሁ አታዩትም። ጓደኛችሁ ከኋላ ሆኖ ይይላችሁ። ዳሌያችሁ እየተወዛወዘ ከሆነ መሪውን አንድ ክንድ ብታነሡትም ወገባችሁ አያርፍም።

የመቀመጫውን ከፍታ ለመለካት ቀላል መንገድ አለ። ግድግዳ ተደግፋችሁ ተቀመጡና ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ። ፔዳሉ እታች ሲደርስ እግራችሁ ሳይንጠራራ ቀጥ ማለት አለበት። ስትነዱ የእግራችሁን የፊት ክፍል ስለምታሳርፉ ጉልበታችሁ በመጠኑ ታጥፎ ይቀራል። ትክክለኛው እሱ ነው።

የመቀመጫው ጫፍም አለ። ጫፉ ወደ ላይ ከተቀሰረ ዳሌን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ወገብም ይጎብጣል። ወደ ታች ካዘነበለ ሰውነት ወደ ፊት ይንሸራተትና ክብደቱ ሁሉ እጅና ትከሻ ላይ ያርፋል። ደልዳላ አድርጉት።

ርቀትም ከከፍታ ባልተናነሰ ይወስናል። የአባቱን ሳይክል የሚነዳ ልጅ ተመልከቱ። መሪውን የሚይዘው ክንዱን ወጥሮ፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰብስቦ ነው። ይህ ልጅ ያስቸገረው የመሪው መራቅ ነው። ደግነቱ የመሪው ቱቦ ወደ ኋላ ዘመም ያለ ስለሆነ፣ መሪው 3 ሴንቲሜትር ወደ ላይ ሲወጣ 1 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ነጂው ይቀርባል። ከዚያ በላይ መቅረብ ካለበት መፍትሔው አጠር ያለ መሪ ያዥ (መሪውን ከፊት ቱቦው ጋር የሚያገናኘው ብረት) ወይም በልክ የሆነ ሳይክል ነው። መቀመጫውን ወደ ፊት መግፋት ሲበዛ ጉልበትን ይጎዳል።

«መቀመጫውን ዝቅ ብታደርገው ያው ነው»

ያው አይደለም። መሪው ከመቀመጫው አንጻር ከፍ ያለ ይመስላል፣ ጉልበት ግን ከልክ በላይ እየታጠፈ ይገፋል። የአንገቱ ሕመም ወደ ጉልበት ተዛወረ ማለት ነው።

«ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል»

ይህን ብዙ ሰው ያምናል፣ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ጤና ስለሚመስል ነው። ግን ሰውነት ሙሉ በሙሉ ቀጥ ሲል ክብደቱ በሙሉ መቀመጫው ላይ ያርፋል። ኮብልስቶን ላይ ስትነዱ እያንዳንዱ ንዝረት በቀጥታ በአከርካሪ በኩል ይወጣል። ትንሽ ወደ ፊት ስናዘነብል ግን ክንድና እግር ከንዝረቱ ይካፈላሉ። የጀርባ አጥንታቸው ቀድሞ የታመመ ሰዎች መሪው በጣም ከፍ ሲል የሚብስባቸው ለዚህ ነው።

ዳገት ላይም ችግር አለው። ከሐረጎ በኩል ወደ ደሴ ለመውጣት የሞከረ ያውቀዋል። ክብደት ወደ ኋላ ሲበዛ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው መወላገድ ይጀምራል።

ለአብዛኛው የከተማ ነጂ መሪው ከመቀመጫው ጋር እኩል ወይም ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ቢል ይበቃዋል። በአንዴ ብዙ አታንሡት። 1 ወይም 2 ሴንቲሜትር አንሥታችሁ ለተወሰኑ ቀናት ንዱና ሰውነታችሁን ስሙት።

«እስኪበቃህ ድረስ ሳበው»

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፣ ሰው የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው።

የድሮዎቹ ሳይክሎች፣ እነ ፎኒክስ፣ መሪያቸውን የሚሸከመው ቋሚ ብረት ወደ ፍሬሙ ቱቦ ውስጥ የሚገባ ነው። ከላይ አንድ ብሎን አለው። ብሎኑ እስከ ታች ወርዶ አንድ ሽብልቅ ይይዛል። ሲጠብቅ ሽብልቁ ብረቱን ከውስጥ በኩል ከቱቦው ጋር ያጣብቀዋል። ብሎኑን ፈታችሁ መሪው ንቅንቅ ካላለ፣ ሽብልቁ አሁንም እንደያዘ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይናደድና መሪውን ግራና ቀኝ እየጠመዘዘ ይታገላል። አብሽሩ፣ መታገል አያስፈልግም። ብሎኑን ሁለት ሦስት ዙር ብቻ ፍቱት፣ ጨርሳችሁ አታውጡት። ራሱ ላይ ቁራጭ እንጨት አድርጉና በመዶሻ መታ አድርጉት። ሽብልቁ «ቋ» ብሎ ሲወርድ ይሰማችኋል። ከዚያ መሪው በእጅ ይነሣል።

አሁን ብረቱን ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ዙሪያውን የተደረደሩ ደቃቅ ቁም መስመሮች አሉ፣ አጠገባቸው በላቲን ፊደል የተቀረጸ ጽሑፍ ይኖራል። ያ የመጨረሻው ወሰን ነው። መስመሮቹ ከቱቦው በላይ መታየት የለባቸውም። ከታዩ ውስጥ የቀረው ብረት አጭር ነው ማለት ነው። ፍሬን ስትይዙ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ስትገቡ መሪው ሊሰበር ወይም ተነቅሎ እጃችሁ ላይ ሊቀር ይችላል። ቁልቁለት ላይ ይህ ሲሆን አስቡት። ዝገት ምልክቱን አጥፍቶት ከሆነ ቢያንስ 7 ሴንቲሜትር ውስጥ ይቅር።

ብረቱን ወደ ቦታው ከመመለሳችሁ በፊት ጠራርጉና ግሪስ ቀቡት፣ አለበለዚያ ዝጎ ይጣበቃል። ብሎኑን አጥብቁ። ከዚያ የፊት ጎማውን በሁለት ጉልበታችሁ መሐል ያዙና መሪውን ለመጠምዘዝ ሞክሩ። ከዞረ አልጠበቀም። በመጨረሻ መሪውን እስከ ጥጉ ድረስ ግራና ቀኝ አዙሩት። የፍሬን ገመድ ከተወጠረ ወይም ፍሬኑ ራሱን ከያዘ ገመዱ አጥሯል፣ ረዘም ባለ ይቀየር።

«አዲሶቹ ማውንቴን ሳይክሎች ከፍ አይሉም»

በከፊል እውነት ነው። የእነሱ ቱቦ ከታች ወደ ላይ የወጣ ነው፣ መሪ ያዡ ከውጭ በኩል ቱቦውን ያቅፈዋል። ስለዚህ ቱቦው ካለቀበት በላይ መሳብ አይቻልም። ግን ሌላ መንገድ አለ። ከመሪ ያዡ በላይ ቀለበቶች ካሉ ወደ ታች ይዛወራሉ። መሪ ያዡ ወደ ታች ዘመም ያለ ከሆነ ተገልብጦ ሲታሰር 2 ሴንቲሜትር ገደማ ይጨምራል። ወደ ላይ የታጠፈ መሪም ሊቀየርለት ይችላል፣ ውፍረቱ ግን መመሳሰል አለበት። ለ25.4 ሚሊሜትር መሪ የተሠራ ማሰሪያ 31.8 ሚሊሜትሩን አይቀበልም።

አንድ ስሕተት እዚህ ላይ ይደጋገማል። ከላይ ያለው ብሎን መሪውን የያዘ ይመስላል። እሱ የሚያስተካክለው የውስጡን ኩሽኔታ ጭነት ብቻ ነው። መሪውን የሚይዙት የጎን ብሎኖች ናቸው። ስትመልሱ የላዩ መጀመሪያ በቀስታ፣ የሳይክሉ የፊት ክፍል መንቃቃት እስኪጠፋ ብቻ ይጠበቃል። መሪውን ከጎማው ጋር አቅኑትና ከዚያ የጎኖቹን አጥብቁ።

«ብየዳ ቤት ወስደህ አስቀጥለው»

እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የተበየደ ቦታ ላይ ብረቱ ባሕርዩ ይቀየራል፣ በየቀኑ ንዝረት እየተሰነጠቀ ሄዶ አንድ ቀን ያለ ማስጠንቀቂያ ይበጠሳል። አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። የብየዳ ባለሙያዎቻችን ጎበዞች ናቸው፣ በርና መስኮት ላይ የሚያክላቸው የለም። የሰው ፊት የሚያርፍበት ብረት ግን ለብየዳ አይሰጥም።

«ወጌሻ አንዴ ካሸህ አይመለስም»

መታሸት የተወጠረ ጡንቻን ያላላል፣ እውነት ነው፣ ደስም ይላል። ግን በማግስቱ እዚያው ሳይክል ላይ በዚያው አቀማመጥ ከወጣችሁ ይመለሳል። አንገትን በድንገት ጠምዝዞ ማንቋቋት ግን አደገኛ ነው። በአንገት በኩል ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች አሉ።

ቀኑን ሙሉ የምትሠሩትንም እዩ። ስፌት መኪና ላይ ያጎነበሰ ሰው፣ ማታም ስልክ ላይ የደፋ፣ አንገቱ ሳይክሉ ላይ ሳይወጣ ደክሟል። እሱ መሪውን ቢያስተካክልም በሥራው መሐል ቀና እያለ ትከሻውን ማንቀሳቀስ አለበት። ስትነዱ ክርናችሁን አታድርቁት፣ ትንሽ ይታጠፍ። ፌስታሉንም መሪው ላይ አታንጠልጥሉ፣ ከኋላ እሰሩት።

«ስትለምደው ይተውሃል»

ለጀማሪ ትንሽ እውነት አለው። ያልለመደ ጡንቻ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይደክማል፣ ዕረፍት ሲያገኝም ይድናል። እየባሰ የሚሄድን ሕመም ግን መልመድ የሚባል ነገር የለም። ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ እግር ከወረደ፣ እጅ ከደነዘዘ ወይም ዕቃ መያዝ ካቃተው፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለው፣ ወይም ከመውደቅ በኋላ የጀመረ ከሆነ መሪውን ተዉትና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም ሁለቱም እግሮች ከደከሙ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።