ለሆዴ ሄድፎን አልፈልግም

እርግዝናዬ 31ኛ ሳምንቱን ይዟል። የመጀመሪያ ልጄ ነው። ሥራዬ ደግሞ የሙዚቃ ቴራፒስትነት ነው፤ ማለትም ሕሙማንን በሙዚቃ ማገዝ። እነዚህ ሁለት ነገሮች አንድ ሰው ላይ ሲገጣጠሙ ምን እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ያገኘኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሆዴን ያያል። ቀጥሎ ፈገግ ይላል። ከዚያ «አንቺማ ታድለሽ! ልጅሽ ገና ከሆድሽ ሳይወጣ ሞዛርት እየኮመኮመ ነው» ይለኛል።

እየኮመኮመ አይደለም። እኔም እየኮመኮምኩ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስጦታ ይዛልኝ መጣች። ፈታሁት። ሆድ ላይ በቀበቶ የሚታሰር ሄድፎን ነው። አመስግኜ ተቀበልኩና ቤት ወስጄ ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ወሸቅኩት። ሴትየዋ ደግ ናት፤ ፊት ለፊት ልነግራት አፈርኩ። ስለዚህ ለእናንተ ልናገረው።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን እንጨርስ።

«ሙዚቃ ሲከፈት ከተራገጠ ወዶታል ማለት ነው።» ደንግጦም ይሆናል። በር ሲላተምም ይራገጣል፤ በሩን ወደደው ያለ ሰው ግን አልገጠመኝም።

«የሐዘን ዘፈን ከሰማሽ ልጁ ሆደ ባሻ ይሆናል።» አይሆንም። ማልቀስ ካሰኛችሁ አልቅሱ፣ ይውጣላችሁ። ሐዘኑ ሳምንታት አልፎት አልለቅ ካለ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሳችሁ ግን ያ የዘፈን ጉዳይ አይደለም፤ ለሐኪም ንገሩ።

«የሙዚቃ ቴራፒስት ልጅ ዘፋኝ ነው የሚሆነው።» እሺ፣ የጥርስ ሐኪም ልጅስ?

አሁን ወደ ዋናው።

«ሞዛርት ልጅን ብልህ ያደርጋል።»

ይህን ነገር በሳምንት ቢያንስ ሦስት ጊዜ እሰማለሁ። የሚነግሩኝ ሰዎች «ጥናት ነው እኮ» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ጥናት አለ። ችግሩ ጥናቱ ምን እንዳለ አለማወቃቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ፍራንሲስ ራውሸርና ባልደረቦቿ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አንዲት አጭር ጽሑፍ አወጡ። የተጠኑት 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። በድጋሚ ልበለው፤ የኮሌጅ ተማሪዎች። ሞዛርት ለሁለት ፒያኖ የደረሰውን ሙዚቃ (ሶናታ ይባላል) ለ10 ደቂቃ ሰሙ። ከዚያ ወረቀት ታጥፎና ተቆርጦ ሲዘረጋ ምን እንደሚመስል በሐሳብ መገመትን የመሰለ ፈተና ተፈተኑ። ዝም ብለው ከተቀመጡበት ጊዜ የተሻለ ውጤት አመጡ። ብልጫው ከሩብ ሰዓት በላይ አልቆየም። በቃ፣ ይኸው ነው። ሕፃን የለም። ጽንስ የለም። ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ብልህነትም የለም።

ወሬው ግን ክንፍ አወጣ። በ1998 የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት አገረ ገዥ ዜል ሚለር፣ እዚያ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ቅጂ እንዲታደል 105,000 ዶላር በጀት ጠየቀ። ሌሎች ተመራማሪዎች ግን ነገሩን ፈተሹት። ብልጫው እጅግ ትንሽ ሆኖ ተገኘ፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ አላገኙትም። አንድ ሙከራማ ሞዛርትን ከሚተረክ ታሪክ ጋር አወዳደረ። ታሪኩን የወደዱት ሰዎች ከታሪኩ በኋላ የተሻለ ሠሩ። ማለትም የነቃና ደስ ያለው ሰው ለጥቂት ደቂቃ ፈተና ይቀናዋል። ለዚህ ሞዛርት መቀስቀስ አያስፈልግም ነበር።

«ታዲያ ሕፃኑ ምንም አይሰማም ማለት ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ይሰማል እንጂ! እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ እውነቱ ከወሬው ይበልጥ የሚያስገርም ሆኖ ሳለ ሰው ወሬውን መምረጡ።

በእርግዝናው አጋማሽ ላይ ውስጠ ጆሮው ሥራ ይጀምራል። በ1994 የታተመ አንድ ጥናት ጽንሶች ለተለያየ ድምፅ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ በአልትራሳውንድ ተከታትሏል። በ27ኛው ሳምንት አብዛኞቹ ለወፍራም ድምፅ ምላሽ ይሰጣሉ። ለቀጭን ድምፅ ግን እስከ 33ኛው ሳምንትና ከዚያም በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የሆድ ግድግዳውና የእንሽርት ውሃው ቀጭኑን ድምፅ ያፍኑታል፤ ወፍራሙን ያሳልፉታል። ምን እንደሚመስል ማወቅ ከፈለጋችሁ ገንዳ ውሃ ውስጥ ጆሯችሁን ነክራችሁ ሰው እንዲያወራችሁ አድርጉ። ቃሉ ይጠፋል። ዜማውና ምቱ ይቀራል።

ከድምፆች ሁሉ ጎልቶ የሚደርሰው የእናት ድምፅ ነው። ምክንያቱም በአየር ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ በአጥንቷና በሥጋዋም በኩል ያልፋል። በ1980 ዲካስፐርና ፋይፈር የተባሉ ተመራማሪዎች ጥቂት ቀን የሆናቸው ሕፃናት ጡጦ አፋቸው ውስጥ አድርገው ሞከሩ። ሕፃኑ አጠባቡን በአንድ ዓይነት ሲያደርገው የእናቱ ድምፅ ይሰማል፣ በሌላ ዓይነት ሲያደርገው የሌላ ሴት። ሕፃናቱ እናታቸውን የሚያመጣውን አጠባብ መረጡ። በ2013 ደግሞ የፊንላንድ ተመራማሪዎች በእርግዝናቸው መጨረሻ ወራት አንዲት የልጆች ዜማ በሳምንት አምስት ጊዜ ሲያጫውቱ የቆዩ እናቶችን ልጆች መረመሩ። ሲወለዱ አንጎላቸው ዜማዋን ለየ። አራት ወር ሲሞላቸውም እንደዚያው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህ ትዝታ ነው። ብልህነት አይደለም። ልጁ «ይቺን አውቃታለሁ» አለ እንጂ ሒሳብ አልሠራም። ለእኔ ግን «አውቃታለሁ» ከሒሳቡ ይበልጥብኛል።

ስለዚህ ሄድፎኑ መሳቢያ ውስጥ ይቆይ። ድምፅ ማውጫው ሆድ ላይ ተለጥፎ ውስጥ ምን ያህል እንደሚጮህ የምታውቁበት መንገድ የላችሁም። ልጁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜውን ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። እናንተ ተኝታችሁ ሰው መጥቶ ጆሯችሁ ላይ ሶናታ ቢለጥፍባችሁ ምን ትሉታላችሁ? ሙዚቃ ካማራችሁ ቤት ውስጥ በልካችሁ ክፈቱ። ለእናንተ ካልከበደ እሱም ድርሻውን ያገኛል።

ከዚያ ይልቅ ዝፈኑለት። ይህን ስል «ድምፄ አያምርም» ይሉኛል። ኧረ ተዉ! ልጁ ከማን ጋር ሊያወዳድራችሁ? አንዲት አጭር ዜማ ምረጡ፣ የራሳችሁ ፈጠራ ብትሆንም ግድ የለም። ዝቅ ባለ፣ ለጉሮሯችሁ በሚመች ድምፅ ይሁን። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከመተኛታችሁ በፊት። ስትጨርሱ አትለውጧት፤ መደጋገሙ የሚያሰለቸው እናንተን እንጂ እሱን አይደለም፣ እሱ ድግግሞሽ ይወዳል። ከተወለደ በኋላ ያቺኑ ዜማ ሰውነቱን ስታጥቡት፣ እሹሩሩ ስትሉት አምጧት። የእኔዋ አራት ኖታ ብቻ ናት። ጥርሴን ስቦርሽ አፌ አረፋ ሞልቶም አንጎራጉራታለሁ። ባለቤቴ አሁን ሳያስበው መኪና ውስጥ ያፏጫታል።

«ሥራሽ ለእርጉዝ ምቹ ነው፤ ቁጭ ብሎ መዝፈን።»

እስቲ ኑና ጊታሬን ያዙልኝ። ሆዴ ቦታውን ስለወሰደበት ጊታሩ ወደ ጉልበቴ ተንሸራቷል፣ ክንዴ ደግሞ እሱን ፍለጋ ይንጠራራል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። በእርግዝና የሚመጣ የሰውነት እብጠት የእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፈውን ነርቭ ስለሚጫነው ነው፤ ብዙ እርጉዞች ላይ ይታያል። ማህፀን ወደ ላይ ሲያድግ ድያፍራም የሚባለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ይገፋዋል። ድሮ በአንድ ትንፋሽ የምጨርሰውን ስንኝ አሁን ለሦስት እቆርሰዋለሁ።

ከትንንሽ ልጆች ጋር የምሠራበት ቀን ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ማራካስ የሚባለውን እየተነቀነቀ የሚንኳኳ መሣሪያ በደንብ ከላሰችው በኋላ፣ ምራቋ እየተንጠባጠበ፣ «እንኪ» ብላ ወደ አፌ ዘረጋችልኝ። ሳይቶሜጋሎ የሚባል ቫይረስ አለ። በትንንሽ ልጆች ምራቅና ሽንት ይተላለፋል። ልጆቹ ላይ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት የለውም፤ ወደ ጽንስ ከተላለፈ ግን ከዘር ውጪ ለሚመጣ የመስማት ችግር ከዋነኞቹ መንስኤዎች አንዱ ነው። በዚህ ሙያ ላላችሁ እርጉዞች፦ አፍ የነካው መሣሪያ ለብቻ ቅርጫት ይግባ፣ ይታጠብ፣ እጅም በሳሙና። ልጅ ስትስሙ ግንባር ላይ ይሁን።

ከዚያ የከበሮው ጉዳይ መጣ። 14 ሰው ከበሮ የሚመታበት ቡድን አለኝ። አንድ ቀን የስልኬን የድምፅ መለኪያ ከፈትኩት፤ 100 ዴሲቤል ሲያልፍ አየሁ። የስልክ መለኪያ ሚዛን አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን አንዱ ሲምባሉን፣ ያን ሳህን የመሰለ የብረት መሣሪያ፣ ወለል ላይ ሲለቀው ሆዴ ውስጥ ያለው ሰው ሁለት እግሩን ዘርግቶ ዘለለ። እኔም አብሬው። ለአለቃዬ ቡድኑን ለሌላ ሰው ስጡልኝ ስላቸው «ሙዚቃ እኮ ነው፣ የፋብሪካ ጫጫታ አይደለም» አሉኝ። ጆሮ ይህን ልዩነት አያውቅም። በ2016 የወጣ አንድ የስዊድን ጥናት ወደ 1.4 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆችን መዝገብ አገላብጧል። እናታቸው በእርግዝናዋ ከ85 ዴሲቤል በላይ ጫጫታ ውስጥ ሙሉ ጊዜ የሠራች ልጆች ላይ የመስማት ችግር በልጦ ታይቷል። የጆሮ መድፈኛ እናትየውን ይከላከልላታል፤ ሆድ ግን መድፈኛ የለውም። ስለዚህ አንድ ቀን ሠርግ ቤት ስፒከር አጠገብ ተቀመጥኩ ብላችሁ አትሸበሩ፤ ሥራችሁ በየቀኑ የሚጮህ ከሆነ ግን ጠይቁ፣ ተከራከሩ። እኔ በስንት ጭቅጭቅ ተፈቀደልኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንጂ፣ ከኋላዬ «እርግዝና አቀበጣት» ሳይባል አልቀረም።

«ቴራፒ ማለት የሚያዝናና ሙዚቃ ማጫወት ነው።»

ይህ እርግዝናን ባይመለከትም ሄድፎኑን የወለደው እሱ ነው። ሰው የሚያስበው ሙዚቃ እንደ ክኒን ነው፤ ትክክለኛውን ዘፈን ካወቅህ ዋጥ ታደርጋለህ። ሥራችን እንደዚያ አይደለም። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በ11 ሆስፒታሎች የነበሩ 272 ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን አካቶ ነበር። ቴራፒስቶቹ ቅጂ ከፍተው አልሄዱም። የሕፃኑን ትንፋሽ እያዩ በእሱ ልክ ተጫወቱ፣ ወላጆች የመረጡትን ዜማም እንደ እሹሩሩ አድርገው በዝግታ ዘፈኑ። ከሕፃኑ ጋር አብሮ መሄድ ነው ነገሩ።

ስትሮክ ንግግራቸውን የወሰደባቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ቃል ሲፈልጉ አይመጣላቸውም፤ ዜማ ከሆነ ግን ይመጣል። ለዚህ ዓይነት ችግር ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት ዘዴ አለ። ታካሚው በግራ እጁ እየመታ አረፍተ ነገሩን ያዜማል፣ ቀስ በቀስ ዜማው ይቀነሳል። ባለፈው ሰኞ «ውሃ ስጡኝ»ን አብረን ስናዜም መሃል ላይ ትንፋሼ አለቀ። «ውሃ…» ብዬ ቀረሁ። ጠበቁኝ። አልመጣሁም። ጠረጴዛውን በግራ እጃቸው ሁለት ጊዜ መቱና «ስጡኝ» ብለው ጨረሱት፤ ቀጥለው ወደ ሆዴ እያዩ ሳቁ።

«አንቺ በሙዚቃ ስለምትወልጂ አያምሽም።»

ያመኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የወሊድ መመሪያ ሕመም ማቅለያ ለምትፈልግ ጤነኛ እናት ከሚመከሩት ሰውነትን የማረጋጊያ ዘዴዎች መካከል ሙዚቃን ይጠቅሳል፤ ከትንፋሽና ከጡንቻ ማፍታታት ጋር። ጭንቀት ሊያቀል ይችላል። ማደንዘዣን ግን አይተካም፤ ማደንዘዣ የጠየቀችን ሴት «ዘፈን ስሚ» ማለትም ነውር ነው።

ለምጡ ሦስት የዘፈን ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ። አንዱ ለመጀመሪያው ረጅም ሰዓት፣ ቀስ ያለና የማውቀው። አንዱ ምጡ ሲጠነክር፣ ከትንፋሼ ጋር የሚሄድ ምት ያለው። ሦስተኛው ባዶ ነው፤ ዝምታ ነው። የአምስት ዓመት የሥራ ልምዴ የሚነግረኝ የቱንም ልጠላው እንደምችል ነው። ስለዚህ ባለቤቴን አሠልጥኜዋለሁ። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ «ዝጋው» ስለው «እርግጠኛ ነሽ?» ሳይል መዝጋት። ትናንት ተለማመድን። «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።