«ያቃጥላል»፣ «ጾም ነው»፣ «ሥጋ አይበሉም»፦ ስለ ሕንድ ሬስቶራንት ድሬ ላይ የሚወራውና እውነታው

የድሬ ሰው አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ምን እንደበላ ይጠየቃል። የሕንድ ሬስቶራንት ገብቼ ነበር ካለ ወሬው ይደራል። አንዱ «አቦ ያቃጥላል እኮ!» ይላል። ሌላው «ሥጋ የላቸውም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ በዓቢይ ጾም ሄዶ ጠግቦ እንደበላ ይናገራል። ጾሙን ሳያውቀው መግደፉን የሚነግረው የለም።

ከሕንዶች ጋር የተዋወቅነው ትናንት አይደለም። ሐረር ጁገል ውስጥ በረንዳቸው ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1887 በኋላ ሐረር የገቡ ሕንዳውያን ነጋዴዎች የሠሯቸው ናቸው። ዛሬ ቱሪስት «የራምቦ ቤት» (ራምቦ ሐረር የኖረ ፈረንሳዊ ገጣሚ ነው) ብሎ ፎቶ የሚያነሳው ሕንጻ ራሱ ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ድሬዳዋም እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ደርሶ ስትቆረቆር ከግሪኩ፣ ከአርመኑና ከዓረቡ ጋር ሕንዳዊውም ሱቅ ከፍቷል። ያም ሆኖ ስለ ምግባቸው የምናወራው ብዙው ነገር የተገላበጠ ነው። ሩቅ ነው ያልነው ቅርብ፣ ቅርብ ነው ያልነው ሩቅ ሆኖ ይገኛል።

«ሥጋ ከሌለበት የጾም ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር።

አንዳንድ ሜኑ ላይ ከምግቡ ስም አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ታያላችሁ። ሕንድ አገር የታሸገ ምግብ ላይም የሚደረግ ምልክት ነው። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለበትም ማለት ነው። ስለ ወተትና ስለ ቅቤ ግን ምንም አይልም። ሥጋ የማይበላ ሕንዳዊ ወተት ይጠጣል፣ እርጎ ይበላል፣ በንጥር ቅቤ ያበስላል። እንደውም ንጥር ቅቤ በሂንዱ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ውስጥ የከበረ ነገር ነው። የኦርቶዶክስ ጾም ደግሞ ቅቤውንም ወተቱንም ይከለክላል። ሁለቱ ሥርዓቶች የሚስማሙት ሥጋውና እንቁላሉ ላይ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ በጾም ቀን ምን ይታዘዛል? ፓላክ ፓኒር ሲመጣ የተፈጨ ጎመን ይመስላል። ውስጡ ያሉት ነጫጭ ቁርጥራጮች ግን አይብ ናቸው። ወተት በሎሚ ተቆርጦ፣ ተጠልሎና ተጭኖ የተሠራ። ዳል ማካኒ ጥቁር የምስር ወጥ ይመስላል፤ ቅቤና ክሬም አለበት። ዳል ታድካ የሚባለው ቢጫው የክክ ወጥ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን በጥንቃቄ። ከእሳት ሊወርድ ሲል ከሙንና ነጭ ሽንኩርት በትኩስ ቅቤ ተቁላልቶ ይፈስበታል። በዘይት ይሁንልኝ ካላችሁ ችግሩ ያልቃል።

ናን የሚባለው ቂጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሊጡ በእርጎ ወይም በወተት ይቦካል። ሲወጣም ቅቤ ይቀባል። በሱ ፈንታ ሮቲ ወይም ቻፓቲ እዘዙ። ዱቄትና ውሃ ነው። «ቅቤ እንዳትቀቡት» ማለት ግን አይረሳ። ቻና ማሳላ (ሽምብራ)፣ አሉ ጎቢ (ድንች በአበባ ጎመን) እና ባይንጋን ባርታ (በእሳት የተጠበሰ ደበርጃን) አብዛኛውን ጊዜ በዘይት ነው የሚሠሩት።

አንድ ምክር አለኝ። ለአስተናጋጁ «ጾመኛ ነኝ» ማለት አይበቃም። አስተናጋጁ ሐበሻ ከሆነ ወዲያው ይገባዋል። ወጥ ቤት ያለው ሕንዳዊ ግን «ሥጋ አይበላም» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ዘርዝሩለት፦ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፣ ክሬም የለ፣ እርጎ የለ፣ አይብ የለ። ጣፋጭም ካማራችሁ ተጠንቀቁ። ጉላብ ጃሙን የሚባለው በሽሮፕ የተነከረ ድቡልቡል በወተት ነው የሚሠራው።

«ሕንዶች ሥጋ አይበሉም»

የአሜሪካው ፒው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ጥናት ሥጋ አንበላም ያሉት የሕንድ አዋቂዎች 39 በመቶ ናቸው። ብዙ ነው፣ ግን ግማሽ እንኳን አይሞላም። ሬስቶራንት ውስጥ ስማቸው የሚጠራው የሥጋ ምግቦች፣ ማለትም ኮርማ የሚባለው ወጥ (ስሙ ነው እንጂ በሬ አይደለም)፣ ከባቡ፣ ቢርያኒው፣ በአብዛኛው በሙስሊም ነገሥታት ቤተ መንግሥት ውስጥ ያደጉ ናቸው። የበሬ ሥጋ ግን አትፈልጉ፣ ብዙ ቦታ የለም። ዶሮ፣ በግና ፍየል ነው ያለው።

ለድሬና ለሐረር ሰው ትልቁ ጥያቄ ሌላ ነው። ማን አረደው? ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይህን ሳያጣራ አይበላም። እዚህ ላይ ግምት አይሠራም። «ባለቤቱ ሕንዳዊ ስለሆነ ሐላል አይሆንም» የሚል አለ። «የሕንድ ስለሆነ ሐላል ነው» የሚልም አለ። ሁለቱም ዝም ብሎ መናገር ነው። ሥጋው የሚገዛው ከዚሁ ከአገር ውስጥ ነው። ከማን እንደሚገዛ አስተናጋጁን ጠይቁት። በኛ አገር ይህን መጠየቅ ማንንም አያስከፋም።

ስለ ቢርያኒም አንድ ነገር ልበል። በቀለም ቢጫ የተደረገ ሩዝ ላይ ሥጋ ሲጣል ቢርያኒ የሚሉት አሉ። እውነተኛው በቅመም የታሸ ሥጋና ግማሽ የበሰለ ሩዝ ተደራርቦ፣ ድስቱ ተከድኖ፣ አንዳንዴም አፉ በሊጥ ታሽጎ፣ በራሱ እንፋሎት የሚበስል ነው። ሩዙና ሥጋው ሳህን ላይ ከሆነ የተገናኙት፣ ሩዝ በሥጋ ነው የበላችሁት። ከበርጫ በፊት ሆድ ለመያዝ ግን ሁለቱም ያው ናቸው።

«ያቃጥላል»

ይህን የሚለው ሚጥሚጣ በቁርጥ የሚበላ ሰው መሆኑ ያስቀኛል።

ቃሪያና በርበሬ የሕንድም የኛም አይደለም። የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው። ሕንድ የደረሰው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በፖርቱጋሎች በኩል ነው። ከዚያ በፊት ሕንድ ውስጥ የሚያቃጥለው ቁንዶ በርበሬ ነበር። ዛሬም ሁሉም ምግባቸው አያቃጥልም። ኮርማ ለስላሳ ነው። የጉጃራት ምግብ እንደውም ስኳር ጣል ይደረግበታል።

የሚያሳስተው ቀለሙ ነው። ቀይ ካየን ያቃጥላል እንላለን። ካሽሚር የሚበቅለው ቃሪያ ደማቅ ቀይ ነው፣ ማቃጠሉ ግን ቀላል ነው። ሮጋን ጆሽ የሚባለው ቀይ የበግ ወጥ ቀለሙን ከሱ ያገኛል። ዓይን እንጂ ምላስ አያስፈራም። በተቃራኒው ደግሞ «እኔ ሐበሻ ነኝ፣ በርበሬ ለምጃለሁ» ብሎ ቪንዳሉ የሚያዝ ጀግና አለ። ቪንዳሉ ከጎዋ የመጣ፣ በኮምጣጤና በብዙ ቃሪያ የሚሠራ ነው። የኛ በርበሬ ከሽንኩርትና ከቅቤ ጋር ረጅም ሰዓት ስለሚቁላላ ይለዝባል። የቪንዳሉ ኮምጣጣነት ያልለመደውን ሰው ያስደነግጣል። ከተቃጠላችሁ ውሃ አትጠጡ፣ የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር በውሃ አይሟሟም። እርጎ ይሻላል። ራይታ የሚባለው እርጎ በኪያር ለዚህም ይጠቅማል።

«ሰምቡሳችን የተወሰደው ከሕንድ ነው»

ሕንድም ቢሆን ከሌላ ነው የወሰደችው። የሰምቡሳ ዘር የተገኘው በፋርስና በመካከለኛው እስያ አካባቢ ነው። ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዴልሂ ውስጥ በሱልጣኑ ግብዣ ላይ ሲቀርብ ያየው ሰምቡሳ ውስጡ የተፈጨ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ አልሞንድና ፒስታቺዮ ነበር። ድንች የሚባል ነገር የለም፣ ድንችም ገና ከአሜሪካ አልመጣም። ይህ ሰው ሕንድ ከመድረሱ በፊት የሐረር የጥንት ወደብ በነበረችው በዘይላም አልፏል። በዓሣና በታረደ ግመል ሽታ ተማሮ ከተማዋ ውስጥ አላድርም ብሎ መርከቡ ላይ አደረ። ምስኪን! በረመዳን በፍጡር ሰዓት ድሬ ላይ የሚጠበሰውን የምስር ሰምቡሳ ቢቀምስ ኖሮ ሐሳቡን ይቀይር ነበር ብዬ አምናለሁ።

የሕንዱ ሳሞሳ ወፈር ያለ ሊጥና ድንች ነው። የኛው ሊጡ ስስ ነው፣ ውስጡም ምስር ወይም ሥጋ። ዘመዳሞች ናቸው፣ ልጅና አባት ግን አይደሉም።

«ከሪ አንድ ቅመም ነው»

ሱቅ ውስጥ በፓኬት የሚሸጠው ቢጫ ዱቄት ያመጣው ሐሳብ ነው። ዱቄቱን ያስለመዱት እንግሊዞች ናቸው። ሕንድ ቤት ውስጥ ለየወጡ ቅመሙ ይለያያል። እርድ፣ ድንብላል፣ ከሙን፣ አብሽ፣ ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ። ቀፊራ ገበያ ሄዳችሁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሸምታችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ነጭ አዝሙዳችንን እንኳን እነሱም ይጠቀሙበታል።

ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። እኛ መጀመሪያ ሽንኩርቱን እናቁላላለን። እነሱ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ያልተፈጨ ከሙን በጋለ ዘይት ያስፈነዳሉ፣ ከዚያ ነው ሽንኩርቱ የሚገባው። መጨረሻ ላይ እኛ መከለሻ ጣል እንደምናደርግ እነሱ ጋራም ማሳላ ጣል ያደርጋሉ። እዚህ ላይ ማንም ባልትና የምታውቅ እናት ከሕንዳዊት እናት ጋር ያለ አስተርጓሚ ትግባባለች።

«የሕንድ ምግብ ሁሉ ያው ነው»

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሰው ሕንዳዊ መምህር አለው። ከነዚያ መምህራን ብዙዎቹ ከደቡብ ሕንድ፣ ከኬረላ የመጡ ነበሩ። የኬረላ ምግብ ሩዝ፣ ኮኮናትና ዓሣ ነው። ሬስቶራንቱ የሚያቀርበው ናን፣ በተር ቺክንና ዳል ማካኒ ግን የሰሜኑ፣ በተለይ የፑንጃብና የዴልሂ ነው። ናኑም ቢሆን በየቤቱ የሚጋገር አይደለም። ታንዱር የሚባል በጣም የሚግል የሸክላ ምድጃ ይፈልጋል፣ ሊጡ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነው የሚበስለው። ቤት ውስጥ የሚበላው ቻፓቲ ነው።

ከደቡብ የመጣው ዶሳ ካለ ሞክሩት። ሩዝና ጥራጥሬ አድሮ ቦክቶ በስሱ ይጋገራል። እንጀራ ነው ብላችሁ ግን አትጠብቁ፣ ጠርዙ ይንኮሻኮሻል።

«በእጅ መብላት ነውር ነው፣ ሹካ ይሰጠኝ»

ብሉ በእጃችሁ። በቀኝ ይሁን እንጂ እነሱም እንደዚያው ናቸው። የሚለየን ገበታው ነው። ወጡ መሀል ይቀመጣል፣ ሁሉም በማንኪያ ወደ ራሱ ሳህን ይቀዳል። ስለዚህ አራት ሆናችሁ አራት የተለያየ ወጥ አዝዛችሁ ተካፈሉ። ታሊ የሚባለው ትሪ ላይ በትንንሽ ሳህን የሚመጣው ሲታይ በያይነቱ ይመስላል። ግን የአንድ ሰው ነው። ጓደኛችሁ ሕንዳዊ ከሆነ ሳታስፈቅዱ እጃችሁን እንዳትከቱበት። ጉርሻም እንዲሁ። የሌላ ሰው አፍ የነካውን ምግብ ብዙዎቹ አይወዱም፣ እናንተን ስለጠሉ አይደለም።

ሂሳብ ስትከፍሉ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶውን ቫት ይጨምር እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ይህ የሕንዱም የኛም ሬስቶራንት ጉዳይ ነው። ከሂሳቡ ጋር በትንሽ ሳህን የሚመጣው ስኳር የተቀባ ፍሬ ደግሞ እንስላል ነው። ትንሽ መዳፍ ላይ አድርጎ ማኘክ ነው፣ አፍ ያጸዳል፣ ለምግብ መፈጨትም ይረዳል ይላሉ። ነጻ ነው ተብሎ በሶፍት ተጠቅልሎ ኪስ ውስጥ አይገባም።