ባለቤቱ በሌለበት የሚሠራ የቡና አቅራቢ ድርጅት በጅማ

በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ ኮሳና በጌራ ወረዳዎች ቡና የሚሰበስብ አቅራቢ ድርጅት ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያለ ነው። ዋጋ የሚቆርጠው፣ ገንዘብ የሚሰጠውና ሚዛን አጠገብ የሚቆመው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ታሞ ቢተኛ ወይም ሐጅ ቢሄድ ግዢው ይቋረጣል። ድርጅቱ ያለ እሱ እንዲንቀሳቀስ እነዚህ ሦስት ሥራዎች ለተለያዩ ሰዎች ተሰጥተው በወረቀት መታሰር አለባቸው።

ከሦስቱ ከባዱ ሚዛኑ ነው። እሸት፣ ማለትም ገና ያልደረቀ የቡና ፍሬ፣ በሚገዛበት ጣቢያ መዛኙ፣ መዝጋቢውና ከፋዩ የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። መዛኙ ኪሎውን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ መዝጋቢው በሦስት ቅጂ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ አንዱ ለገበሬው፣ አንዱ ለከፋዩ ይሰጣል፣ ሦስተኛው ከጥራዙ አይወጣም። ከፋዩ ደረሰኝ ሳያይ ገንዘብ አያወጣም። ሚዛኑም በየጠዋቱ በ20 ኪሎ የብረት መመዘኛ ይፈተሻል። ነገሩ የሚበላሸው ወንድም ወይም አማች ሦስቱንም ደርቦ ሲይዝ ነው፤ ዘመድን መቆጣጠር ነውር ስለሚመስል ጉድለቱ የሚታወቀው ቡናው ተፈልፍሎ ካለቀ በኋላ ነው።

ራቅ ብሎ ያለ ባለቤት ግን የማይዋሽ መቆጣጠሪያ አለው። ወደ 6 ኪሎ ቀይ እሸት ደርቆና ተፈልፍሎ 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል። 6,000 ኪሎ የገዛ ጣቢያ እንግዲህ ወደ 10 ኩንታል ማስረከብ ይጠበቅበታል። 8 ብቻ ካስረከበ ወይ ያልበሰለና ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ፍሬ ተገዝቷል፣ ወይ ከተመዘነው በላይ ተጽፏል፣ ወይ ጆንያ በሌሊት ወጥቷል። እርጥበቱም ሒሳብ ውስጥ ይገባል። በ12 በመቶ እርጥበት 100 ኪሎ የነበረ ቡና እስከ 10 በመቶ ቢደርቅ ከ2 ኪሎ በላይ ይቀንሳል። ይህ ሌብነት አይደለም፤ የማድረቂያ አልጋው ኃላፊ በእርጥበት መለኪያ እየለካ በየቀኑ ካልመዘገበ ግን ከሌብነት የሚለይበት መንገድ የለም። በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ ደግሞ ይሻግታል።

ለዋጋው፣ ጣቢያው ሊከፍል የሚችለው ወለልና ጣሪያ ማለዳ በጽሑፍ መልእክት ይላካል። በለቀማ ወቅት ዋጋ በአንድ ቀን ውስጥ ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ለእያንዳንዱ ብር ስልክ የሚደውል ገዢ እሸቱን ለጎረቤት ጣቢያ ያስረክባል። ገንዘቡ የሁለት ቀን ግዢ በሚሸፍን መጠን ይሰጥና የፊተኛው በደረሰኝ ሳይወራረድ የሚቀጥለው አይለቀቅም። የባንክ ሒሳቡ በጣምራ ፊርማ ይንቀሳቀሳል።

በሕግ በኩል ብዙዎች ውክልና ከሰጡ ያበቃላቸው ይመስላቸዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አጠቃላይ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ ወይም ለመክሰስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። በዚያ ላይ በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ ወካዩ ሲሞት ውክልናውም ይቀራል፤ ይህ በኅዳር ከሆነ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና የወራሾችን ጉዳይ ሊጠብቅ ነው። በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ሥራ አስኪያጁ የሚሠራው በማኅበሩ ስም ስለሆነ ይህ መንገድ ከውክልና ይሻላል፣ ምንም እንኳ የሒሳብ መዝገቡ ብዙ ጥንቃቄ ቢጠይቅም።

የሥራ መመሪያው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ተጽፎ ጣቢያው ላይ ይለጠፋል። የንግድ ፈቃድ እድሳቱ ቀላል ይመስላል፣ ግን ጊዜው ክፉ ነው፤ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ሲሆን፣ ለቀማው የሚጧጧፈውም በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ለባለቤቱ ከተተወ ሁለቱ ይጋጩበታል። ሒሳብ ሠራተኛው ግብሩን በክረምቱ አሳውቆ ክሊራንሱን፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚያሳየውን ማስረጃ፣ ካወጣ እድሳቱ ቀይ እሸት ገበያ ሳይወጣ ያልቃል።