«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ሲባል ጅቡ ማን ነው?

ሰሞኑን ስለ ወታደራዊ ፖሊስ (በአጭሩ ኤም ፒ) ስናወራ አንድ ወዳጄ «እነሱ ደግሞ መቼ ይዋጋሉ! ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል አይደል? ተዋጊው ምሽግ ሰብሮ ካለፈ በኋላ ሰተት ብለው የሚገቡ ናቸው» አለኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቆይቶ ግን ከነከነኝ። በአንድ ትንፋሽ ተዋጊውን ውሻ፣ ኤም ፒውን ጅብ አደረጋቸው እኮ! ደግሞስ አባባሉ ስለ ጠላት ምሽግ መች ሆነና? ስለ ገዛ አጥራችን ነው።

የእሾህ አጥር ያለበት ግቢ ያደገ ሰው ይህ አይጠፋውም። የአያቴ ግቢ የሚታጠረው በደረቀ የግራር ቅርንጫፍ ነበር። ጉቶው ወደ ውስጥ፣ እሾሁ ወደ ውጭ። ከውጭ ለሚመጣ ጅብ ያ አጥር የተሰለፈ ጦር ማለት ነው፤ ከውስጥ ለሚገፋው ግን ያን ያህል አይከብድም። ይህን ደግሞ ከውሻው በላይ የሚያውቅ የለም። ማታ የሰፈሩ ውሾች ሲጮሁ አንዱን ጥግ ይጭርና ሹልክ ይላል፣ ሌሊት በዚያው ይመለሳል፣ በማግስቱ እንደገና፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ቀዳዳዋ በየቀኑ ትሰፋለች። ከዚያ አንድ ሌሊት ጥጃ ይጠፋል።

አያቴ ከብቶቹ ከገቡ በኋላ አጥሩን ሳይዞሩ ራት አይቀርቡም ነበር። እኔ ፋኖስ ይዤ ከኋላ፣ እሳቸው እሾህ የሚገፉበትን ባላ ይዘው ከፊት። ቀዳዳ ሲያገኙ ውሻውን በቁጣ ያዩታል፣ እሱም ጅራቱን ይሸጉጣል። ሲመቱት ግን አላየሁም። ሌሊት ጅብ ሲመጣ ፊት ለፊት የሚገጥመው ያው ውሻ ነዋ!

እንግዲህ የኔን ግምት ልንገራችሁ። ይህን አባባል የፈጠረው እረኛ አይመስለኝም፤ የጦር ሰፈር ሲጠብቅ ያደረ ሰው ነው። አነጋገሩን ልብ በሉት። ጅቡን አይከስም። ማን ቀደደ፣ ቀጥሎ ማን ገባ፣ ብሎ በቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። እረኛ ጥጃው ሲበላበት ያለቅሳል እንጂ እንዲህ ቁጭ ብሎ ምርመራ አያጣራም። የጥንት ኤም ፒ አፍ ነው ብል አላፍርም።

ደግሞ የወታደራዊ ፖሊስ ሥራ ያው የአያቴ ሥራ ነው፤ በአንድ እጅ ፋኖስ በአንድ እጅ ባላ። በውስጥ በኩል የሰረቀውን፣ የደበደበውን፣ ከጦሩ የከዳውን ይይዛል። በውጭ በኩል ኮንቮይ ያጅባል፣ መንገድና ደጀን ይጠብቃል፣ ምርኮኛ ይረከባል። ጠላት ደግሞ ምሽግ ላይ ጭንቅላቱን ከመግጨት ስንቅና ጥይት የሚሄድበትን መንገድ መምታት ይቀለዋል፤ እዚያ መንገድ ላይ የሚያገኘው ኤም ፒውን ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 2005 ኢራቅ ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው። የአሜሪካ ወታደራዊ ፖሊሶች የሚያጅቡት የጭነት መኪና ኮንቮይ ደፈጣ ገባ። ሊ አን ሄስተር የምትባል ሃምሳ አለቃ ከጓዶቿ ጋር ታጣቂዎቹን በጎን ዞራ ቦያቸው ውስጥ ገብታ ተዋጋቻቸው። የብር ኮከብ ሜዳልያ ተሸለመች፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ይህን ሜዳልያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ወዳጄ «መቼ ይዋጋሉ» ያላቸው እነዚህን ነው።

አባባሉ በትክክል የሚገባበትን ቦታ ከፈለገ ደግሞ እዚያው ኢራቅ፣ አቡ ግራይብ እስር ቤት ነበረለት። እ.ኤ.አ. በ2003 እስረኞችን ያሰቃዩት የዚያው የአሜሪካ ጦር የገዛ ወታደራዊ ፖሊሶቹ ነበሩ። ምርኮኛን በሰብዓዊነት መያዝ በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት የተጻፈ ነው፣ እነሱም ለዚሁ የተቀመጡ ዘቦች ናቸው። በዓመቱ የማሰቃየቱ ፎቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጠላት ለቅስቀሳ ሌላ ምን ያስፈልገዋል? ቀዳዳዋን ከውስጥ አገኛት።

አሁን አሁንማ አባባሉን ለምስጋና የሚጠቀሙበት በዝተዋል። አንዱ አዲስ ሥራ ጀምሮ ሲሳካለትና ሌላው ሲከተለው «ውሻ በቀደደው» ይሉለታል። ኧረ በሕግ! ለዚህ እኮ «ፈር ቀዳጅ» የሚል ያማረ ቃል አለን፤ እሱም መቅደድ ነው፣ የሚቀደደው ግን መሬት ነው እንጂ አጥር አይደለም። አንድ የሽኝት ዝግጅት ላይ ተናጋሪው ጡረታ ለሚወጡት አለቃው «እርስዎ በቀደዱት እኛም እንገባለን፣ ውሻ በቀደደው እንዲሉ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አለቃውን ውሻ፣ ራሱን ጅብ አድርጎ ቁጭ አለ። አዳራሹ ሙሉ አጨበጨበለት።