የኮውሎን ቅጥር፦ በእንግሊዝ ግዛት መሀል የቀረው የቻይና ምሽግ

ሆንግ ኮንግ ውስጥ፣ ከደሴቲቱ ማዶ ባለው በኮውሎን በኩል፣ አንድ ጸጥ ያለ መናፈሻ አለ። ኩሬና የአበባ መደብ አለው፣ በቻይና ስልት የተሠሩ ማረፊያዎችም አሉት። ከ40 ዓመት በፊት ግን እዚህ ቦታ ላይ ከ30 ሺህ በላይ ሰው ይኖር ነበር። ቦታው ደግሞ አራት የኳስ ሜዳ እንኳ አይሞላም። ከዚያ በፊት ወታደር የሰፈረበት ምሽግ ነበር። ከምሽግነት ወደዚያ ጉድ ያደረሰው ደግሞ አንድ የውል አንቀጽ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አጀማመሩ ከጨው ጋር የተያያዘ ነው። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ከ960 እስከ 1279 ባለው ጊዜ፣ እዚህ የጨው ንግድ የሚጠብቅ አነስተኛ ኬላ ነበር። በ1810 ባሕሩ ዳር ትንሽ ምሽግ ተሠራ። ዋናው ግንብ የመጣው እንግሊዞች ከመጡ በኋላ ነው። በ1842 ቻይና በኦፒየም ጦርነት ተሸንፋ የሆንግ ኮንግን ደሴት አስረከበች። ያኔ ቻይናን ይገዛ የነበረው የቺንግ መንግሥት ጎረቤቱን በቅርብ የሚያይበት ቦታ ፈለገ። ከደሴቲቱ ፊት ለፊት፣ በድንጋይ የታጠረ ምሽግ አሠራና በ1847 አጠናቀቀ።

ቅጥሩ 4 ሜትር ያህል ከፍታ ነበረው። ውፍረቱ ከቁመቱ ይበልጥ ነበር። 4 በሮችና 6 የመጠበቂያ ማማዎች ነበሩት። መሀሉ ላይ ያሜን የሚባለው የሹሙ ጽሕፈት ቤት ቆመ፤ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ያን ሁሉ ግንብ ይዞ ግን በ1854 አማጺያን ያዙት። መንግሥት ያስመለሰው ከሳምንታት በኋላ ነው።

አሁን ወደ አንቀጹ እንምጣ። በ1898 እንግሊዝ ከኮውሎን በስተ ሰሜን ያለውን ሰፊ መሬት ለ99 ዓመት በሊዝ ወሰደች። ቻይና ግን ምሽጉን አልሰጥም አለች። ስለዚህ ውሉ ውስጥ አንድ ነገር ተጻፈ፦ ምሽጉ ውስጥ ያሉት የቻይና ሹሞች ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን ለሆንግ ኮንግ መከላከያ እንቅፋት እስካልሆነ ድረስ ነው። ዙሪያው በሙሉ የእንግሊዝ፣ መሀሉ የቻይና! በጊዜው 700 የሚያህል ሰው ነበረበት፤ አብዛኛው ወታደር።

ዓመት እንኳ በሰላም አልሞላም። በግንቦት 1899 እንግሊዞች «ቻይናዎቹ ወታደር እያስገቡ ነው» ብለው ጠርጥረው ጦር ላኩ። ሲገቡ የሚዋጋቸው ወታደር አላገኙም። ሹሙና ጥቂት ነዋሪዎች ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለንደን «ምሽጉም የእኛ ነው» የሚል ትእዛዝ አወጣች። ቻይና ግን አልተቀበለችም፣ አንቀጹም በስምምነት አልተሰረዘም። ጭቅጭቁ ተንጠልጥሎ ቀረ።

እንግሊዞች ቦታውን ከያዙ በኋላ እምብዛም አልነኩትም። ለረጅም ጊዜ ለጎብኚ የሚታይ የድሮ ሰፈር ሆኖ ኖረ። ያሜኑም የችግረኞች መጠለያ ሆነ። ከዚያ ጃፓኖች መጡ። ከ1941 እስከ 1945 ሆንግ ኮንግን በያዙበት ጊዜ የካይ ታክን አየር ማረፊያ ማስፋት ፈለጉ። ድንጋዩን ያገኙት ከቅጥሩ ነው። ግንቡ በሙሉ ፈረሰ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ከዋናው ቻይና የሸሸ ሰው ጎረፈ። ግንብ ባይኖርም «እዚያ እንግሊዝ አይደርስብንም» የሚል እምነት ነበር። በ1947 መጨረሻ ሁለት ሺህ ያህል ሰው ሰፍሮበት ነበር። በጥር 1948 ፖሊስ ሊያስነሳቸው ሲሞክር ረብሻ ተነሳ። ቁጣው ደቡብ ቻይና ውስጥ እስካለችው የካንቶን ከተማ ድረስ ተሻግሮ እዚያ ያለው የእንግሊዝ ቆንስላ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲያ እንግሊዞች እጃቸውን መሰብሰብ መረጡ። ቻይናም መጥታ አላስተዳደረችውም።

ባለቤት የሌለው ቤት ማን እንደሚገባበት ይታወቃል። በ1950ዎቹ ትራያድ የሚባሉት የወሮበላ ቡድኖች ገቡ። የኦፒየም ቤት፣ የቁማር ቤት፣ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት በየመንገዱ ተከፈተ። በ1959 በውስጡ የተፈጸመ ግድያ ፍርድ ቤት ቀረበና የሆንግ ኮንግ ሕግ እዚያም እንደሚሠራ ተወሰነ። ወሮበሎቹን በእርግጥ የሰበራቸው ግን በ1973 እና 1974 የተካሄደው የፖሊስ ዘመቻ ነው፤ ከ2,500 በላይ ሰው ታሰረ።

ስለዚህ ቦታ ሲወራ ወንጀሉ ብቻ መነሳቱ ቅር ያሰኛል። አብዛኛው ነዋሪ ሠርቶ አዳሪ ነበር። ከቻይና ይዘው የመጡት ሙያ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ፈቃድ ያላስገኘላቸው ጥርስ ሐኪሞች እዚያ ክሊኒክ ከፍተው በርካሽ ያክሙ ነበር። ከውጭ ሰው እየመጣ ይታከም ነበር። በትንንሽ ክፍሎች የሚድበለበለው የዓሣ ሥጋ ደግሞ በከተማው ሁሉ ይበላ ነበር። የሰፈሩ ማኅበርም የጎረቤትን ጠብ ይሸመግል ነበር።

ቤቱ ያለ መሐንዲስ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደገፈ ወደ ላይ አደገ። ከ300 በላይ ሕንፃ ተጣበቀ። ሊፍት ያለው በጣት የሚቆጠር ነበር። የመንግሥት የቦኖ ውሃ 8 ብቻ ነበር፤ የቀረው ከጉድጓድ ይሳባል። መተላለፊያው ጠባብና ጨለማ፣ ከላይ ከቧንቧ ውሃ የሚንጠባጠብበት ስለነበር ሰው በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዞ ይሄድ ነበር። ማንም ደፍሮ ያልጣሰው አንድ ደንብ ግን ነበር፦ ከ14 ፎቅ በላይ አይሠራም። አውሮፕላኖቹ ጣሪያውን ሊነኩ ትንሽ ሲቀራቸው አልፈው ካይ ታክ ያርፉ ነበር። አዎ፣ የቅጥሩ ድንጋይ የሄደበት ያው አየር ማረፊያ።

በ1984 እንግሊዝና ቻይና ሆንግ ኮንግን ስለ መመለስ ሲስማሙ የአንቀጹ ነገርም አበቃለት። በጥር 1987 ሰፈሩ እንደሚፈርስ ይፋ ሆነ። ያን ጊዜ ሲቆጠር 33 ሺህ ነዋሪ ተገኘ። ለተነሺዎች 2.7 ቢሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ያህል ካሳ ተመደበ። ካሳው አነሰ ብለው አንወጣም ያሉትን ፖሊስ እስከ ሐምሌ 1992 አስወጣ። ማፍረሱ በመጋቢት 1993 ተጀምሮ በሚያዝያ 1994 አለቀ፤ መናፈሻው በታኅሣሥ 1995 ተከፈተ።

ያሜኑ ታድሶ ዛሬም መናፈሻው መሀል ቆሟል። ሕንፃዎቹ ተነስተው መሬቱ ሲቆፈር ደግሞ የደቡብ በር መሠረትና ሁለት የተቀረጹ ድንጋዮች ወጡ። አንዱ «ደቡብ በር» ይላል። ሌላው «የኮውሎን ቅጥር ከተማ» ይላል።