የአዋሳኝ ምክክር ምንድን ነው? የወንዝ ዳር የእግር መንገድ ከመቀየሱ በፊት

የአዋሳኝ ምክክር ማለት ለሕዝብ መዝናኛ የሚሠራ የእግር መንገድ መስመሩ ከመቆረጡ በፊት፣ መንገዱ አጥራቸውን ታክኮ የሚያልፍባቸውን ሰዎች በቦታው ተገኝቶ ማነጋገር፣ የሚሉትን መመዝገብ፣ ከዚያም በተናገሩት መሠረት መስመሩን ማስተካከል ወይም ለምን ሳይስተካከል እንደቀረ በጽሑፍ መመለስ ነው። ሰውን በወረዳ አዳራሽ ሰብስቦ ያለቀለትን ንድፍ በፕሮጀክተር ማሳየት ግን ገለጻ ነው። ገለጻ የራሱ ጥቅም አለው፤ ሆኖም ሁለቱ ስለሚምታቱ፣ «ኅብረተሰቡን አወያይተናል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው የመጀመሪያውን ሳይሆን ሁለተኛውን ነው።

ጉዳዩ በመሐል አዲስ አበባ የተለየ ክብደት አለው። ቀበናን የመሳሰሉት ወንዞች ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ተነሥተው ከተማዋን ከሰሜን ወደ ደቡብ እየሰነጠቁ ይወርዳሉ። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታቀደ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም የእግረኛ መንገድን የከተማዋ ዋና አጀንዳ አድርጎታል። በግሌ የወንዝ ዳር የእግር መንገድ ለዚህች ከተማ እጅግ ያስፈልጋታል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ከአራት ኪሎ በታች ባሉት ሸለቆዎች የወንዙ ዳርቻ ባዶ ሜዳ ሆኖ አያውቅም። ቤት ከቤት ተደግፎ የተሠራበት፣ ጓሮውና ወንዙ በአንድ ረድፍ ቆርቆሮ ብቻ የሚለያዩበት ስፍራ ነው።

በሌሎች አገሮች ስለዚህ ጉዳይ ሲጻፍ የሚነሡት የመሬት ባለቤቶች ናቸው። በእኛ አገር ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ስለሆነ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሰው ባለይዞታ እንጂ ባለመሬት አይደለም። ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ምክክሩን የሚያካሂደው ባለሙያ «አዋሳኝ ማን ነው?» ብሎ እንዲጀምር ያስገድደዋል። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ በእጁ ያለው ሰው አዋሳኝ መሆኑ ግልጽ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይዋ ግን ካርታ ባይኖራትም መንገዱ የሚያልፈው በእርሷ መስኮት ሥር ነው። በወንዙ ውኃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለማው ገበሬ፣ ሰፊ ግቢ ያለው ኤምባሲ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሁሉም መንገዱን የሚያዩት በየራሳቸው ዐይን ነው። ምክክሩ በካርታ ላይ ብቻ ከተመሠረተ ወንዙን በቅርብ የሚያውቁት ሰዎች ሳይጠየቁ ይቀራሉ።

የሕግ መሠረቱም ቢሆን ከካርታ የሰፋ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ፕሮጀክቶች ሲታቀዱም ሆነ ሲፈጸሙ በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ይደነግጋል። ሁለቱም ቦታ ላይ የተጻፈው ስለ ሰው ነው፤ ካርታ የሚል ቃል የለባቸውም። ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅበትን ሁኔታ የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ፣ ተነሺዎችን ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ልማቱ ዓይነትና ጥቅም ማወያየትን ግዴታ አድርጎ ነበር። ይሁንና አዋጁ የሚናገረው ስለሚነሣው ሰው ነው። ሳይነሣ መንገዱን አጥሩ ሥር ይዞ ለሚኖረው ሰው ከካሳ ይልቅ የሚበጀው፣ መንገዱ ሁለት ሜትር ወዲያ ወይም ወዲህ እንዲሆን አስቀድሞ መናገር መቻሉ ነው።

ከውጭ ልምድ አንዱን ልጥቀስ። እንግሊዝ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የባሕር ዳርቻዋን በሙሉ የሚዞር የእግር መንገድ ለመዘርጋት ስትነሣ፣ መሬቱ በአብዛኛው የግል ስለነበር፣ ኃላፊነቱ የተሰጠው የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለየክፍሉ የመስመር ሐሳብ አቅርቦ ሪፖርቱን ያወጣል፤ የመሬቱ ባለቤትም በስምንት ሳምንት ውስጥ ተቃውሞውን በጽሑፍ የማቅረብ መብት አለው። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው መስመሩን ያቀደው መሥሪያ ቤት ሳይሆን ሚኒስትሩ ነው። የእነርሱ የመሬት ሥሪት ከእኛ ስለሚለይ ሕጉን እንዳለ መቅዳት አይቻልም። ልንማርበት የሚገባው ግን አንድ ነገር አለ፤ መስመሩ እስኪጸድቅ ድረስ ሐሳብ ብቻ ነው፣ ይህንንም ሁሉም ያውቃል።

አዋሳኞች የሚያነሡት ጉዳይ ብዙ ቢሆንም በወንዝ ዳር የሚቀድመው ውኃው ነው። አንድ ዓመት በክረምቱ መውጫ ላይ በግንፍሌ ወንዝ አጠገብ ከሚኖሩ አንዲት እናት ደጃፍ ቆሜ፣ ጎርፉ እስከ የት እንደሚደርስ ጠየቅኋቸው። «እማማ፣ እስከዚህ ነው?» ብዬ የደረጃውን ጫፍ ባሳያቸው፣ «ኧረ ልጄ፣ እስከዚህ ነው» ብለው መዳፋቸውን ከመስኮታቸው ሥር ጭቃው ላይ አሳረፉ። መዳፋቸው ያረፈበት ቦታ ከወገቤ በላይ ነበር። ቀጥለውም ጎርፉ የሚመጣው እዚህ ሲዘንብ ሳይሆን እንጦጦ ላይ ሲዘንብ መሆኑን፣ ውኃው ከመታየቱ በፊት ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ድምፁ እንደሚሰማና እርሳቸውም ያንን ሲሰሙ ልጆቹን ከወንዙ እንደሚጠሩ ነገሩኝ። ይህን ማንም ቀያሽ በመሣሪያው ሊያገኘው አይችልም። ለእቅዱ ግን ወሳኝ ነው፤ በዚያ ከፍታ ላይ መንገዱ ወይ ከፍ ብሎ በድጋፍ ግንብ ላይ መሠራት አለበት፣ ወይም ውኃ ቢያልፍበት በማይጎዳ ድንጋይ ተነጥፎ ሐምሌና ነሐሴ ላይ መዘጋት አለበት። በሁለቱም መንገድ ተንሸራሻሪው ሽቅብ የሚሸሽባቸው መውጫዎች በየተወሰነ ርቀት ያስፈልጉታል። የትኛው ቅያስ በጎርፍ ጊዜ ክፍት እንደሚሆን የሚያውቁት ደግሞ እነዚያው ነዋሪዎች ናቸው።

ከውኃ ቀጥሎ የሚመጣው ዐይን ነው። በሸለቆ ውስጥ የሚሄድ መንገድ በአንዱ በኩል ጓሮን ከላይ ቁልቁል ያሳያል፤ በሌላው በኩል ደግሞ ተንሸራሻሪውን በግንብ ሥር ያስቀረዋል። አዋሳኙ እንዳይታይ ግንቡን ከፍ ማድረግ ይፈልጋል፤ በምሽት ብቻዋን የምትሄድ ሴት ግን ሁለት ግንብ መካከል ከመግባት ከመስኮት የሚያያት ሰው ቢኖር ትመርጣለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። ይህን ግጭት በስብሰባ ድምፅ አሰጥቶ መፍታት አይቻልም፤ የሚፈታው በየአጥሩ ነው። አንዱ ጋ የታችኛው ግንብ ሆኖ የላይኛው ፍርግርግ ይሆናል፣ ሌላው ጋ መንገዱ አንድ ሜትር ዝቅ ይላል፣ ሦስተኛው ጋ ቁጥቋጦ ይበቃል። ፒያሳ አካባቢ ያለውን የሰባ ደረጃ መወጣጫ ወጥቶ የወረደ ሰው የሕዝብ መተላለፊያና የሰው ደጅ ተጠጋግተው መኖር እንደሚችሉ ያውቃል።

ሰዎች በግልጽ የማያነሡት ደግሞ ወደ ወንዙ የሚለቀቀው ቆሻሻ ውኃ ነው። የአንዳንዱ ግቢ ቱቦ በቀጥታ ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ ባለቤቱም መንገድ ከተሠራ ቱቦው እንደሚጋለጥበት ስለሚያውቅ መንገዱን በሌላ ሰበብ ይቃወማል። በመጀመሪያው ጉብኝት ቅጣት ከተጻፈ በሁለተኛው ጉብኝት የሚከፈት በር አይኖርም። ስለዚህ ምክክሩንና ቁጥጥሩን የተለያዩ ሰዎች ቢሠሩት፣ ከመንገዱ ጋርም የፍሳሽ መስመር አብሮ ቢታቀድ ይሻላል።

ጊዜው ከሁሉ ይልቅ ይወስናል። ግንቡ ላይ ቁጥር በቀይ ቀለም ከተጻፈ በኋላ የሚመጣ ባለሙያ ምንም ያህል ትሑት ቢሆን፣ ነዋሪው የሚሰማው ጥያቄውን ሳይሆን ቀለሙን ነው። በዚያ ሰዓት የሚነሣው ስለ ካሳና ስለ ምትክ ቦታ ብቻ ይሆናል፤ ስለ ጎርፉ የሚናገር አይገኝም። መስመሩ በችካልና በገመድ ብቻ በተመለከተበት ጊዜ ግን አዋሳኙ ችካሉን ነቅሎ «እዚህ ቢሆንስ?» ማለት ይችላል።

የምክክሩ ውጤት የሚታየው በቃለ ጉባኤው ነው። ጥሩ ቃለ ጉባኤ የተሰብሳቢዎችን ቁጥር ሳይሆን የእያንዳንዱን አጥር ጉዳይ በየተራ ይይዛል፤ ምን እንደተባለ፣ ምን እንደተወሰነ፣ ያልተቀበሉት ካለ ምክንያቱን። አንዱ ቅጂ በወረዳው ይለጠፋል፣ አንዱ ለባለይዞታው ይሰጣል። መንገዱ ከተከፈተ በኋላም የመጀመሪያው ክረምት ሲያልፍ፣ መስከረም ላይ፣ እነዚያኑ ሰዎች ይዞ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር መሄድ ያስፈልጋል። ደለሉ የት እንደቆመ፣ የትኛው መብራት እንቅልፍ እንደነሣ፣ የትኛው መውጫ በር ተቆልፎ ቁልፉ ከማን ዘንድ እንዳለ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።